ሐሞንድ ኦርጋንና ሌስሊ ሳጥን፦ ኬብሉን ከመሰካት በፊት ማዛመድ

ሐሞንድ ኦርጋንን ከሌስሊ (የሚሽከረከር ስፒከር ካለው ሳጥን) ጋር የሚያገናኘው ባለ 6 ፒኑ ፕላግ ባለ 6 ፒኑ ሶኬት ውስጥ ልክክ ብሎ መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። ሌስሊ 122 እና ሌስሊ 147 ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ቁመታቸውም፣ እንጨታቸውም፣ ኬብል የሚገባበት ፕላጋቸውም አንድ ነው፤ የውስጥ ሽቦ አደራደራቸው ግን አይገናኝም። ለአንዱ የተዘጋጀን ኦርጋን ከሌላው ጋር አገናኝቶ ማብራት፣ ድምፅ ወይም ግራውንድ ሊሆን በሚገባው ፒን ላይ የመብራት ኮሬንቲ ሊልክ ይችላል። ከቀናችሁ ፊውዝ ብቻ ይቃጠላል። ካልቀናችሁ ሪሌይ (በኮሬንቲ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ)፣ ትራንስፎርመር ወይም የኦርጋኑ ፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ድምፅ ማጉያ) አብሮ ይሄዳል። አዳማ ላይ ደግሞ የሌስሊ ትራንስፎርመር ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሸጥላችሁ ሱቅ አትጠብቁ፤ መርካቶ ወጥቶ ሪዋይንድ ማስደረግ (ሽቦውን እንደገና ማስጠምጠም) ነው የሚተርፋችሁ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከአዳራሽ ጥግ ወይም ከሆቴል መጋዘን ሲወጣ ኬብሉ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ የሌላ ሳጥን ኬብል ተጠቅልሎ አብሮት ተቀምጧል። ስለዚህ የተገኘው ኬብል ሁሉ የማይታወቅ ኬብል ነው ብላችሁ ጀምሩ።

በኬብሉ ውስጥ የሚሄደው

ባለ 6 ፒን ሌስሊ የራሱ የመብራት ገመድ የለውም። ኮሬንቲ የሚያገኘው ከኦርጋኑ ነው፤ ያውም ድምፁ በሚሄድበት በዚያው ኬብል። በአንድ ኬብል ውስጥ አራት ነገር ይጓዛል፦ የመብራት ኤሲ፣ ከሳጥኑ አምፕሊፋየር የሚወጣው ከፍተኛ ዲሲ (ከ300 ቮልት በላይ)፣ የሙዚቃው ሲግናል፣ እንዲሁም ስፒከሩ ቀስ ብሎ ወይም ፈጥኖ እንዲዞር የሚያዝዘው ትእዛዝ። ይህን የማይክሮፎን ኬብል ዓይነት ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ቀን ኮሬንቲ ይይዘዋል።

122 እና 147 የሚለያዩት በሁለቱ የመጨረሻዎቹ ነገሮች ነው። 122 ላይ ሲግናሉ ባላንስድ ነው፤ በሁለት ሽቦ ተቃራኒ ሆኖ ይሄዳል። የፍጥነቱ ትእዛዝ በዚሁ በሁለቱ የድምፅ ሽቦዎች ላይ እኩል የተጫነ ዲሲ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለ አንድ 12ኤዩ7 ቲዩብ ያን ዲሲ ያነብና ሪሌዩን ያንቀሳቅሳል። 147 ላይ ሲግናሉ በአንድ ሽቦና በግራውንድ ይሄዳል፤ ትእዛዙ የራሱ ፒን አለው፤ በዚያ ፒን የሚላከውም ሪሌዩን በቀጥታ የሚነዳ የመብራት ኤሲ ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ፒን ነው።

142 አጠር ያለ 122 ነው። 145 አጠር ያለ 147 ነው። ስለዚህ 122 እና 142 በአንድ ዓይነት ኬብል ይሠራሉ፤ 145 እና 147ም እንደዚሁ። ከዚህ መስመር የሚሻገር ማዛመጃ በኬብል ብቻ አይሠራም፤ ፒን በማዘዋወር ኤሲ ወደ ዲሲ፣ ባንድ ሽቦ የሚሄድ ሲግናል ወደ ባላንስድ አይለወጥም።

ወጥ ሥርዓት ያልኖረበት ምክንያት አለው። ሎረንስ ሐሞንድ ኦርጋኑን እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ሲያቀርብ የኩባንያው የራሱ ስፒከር ነበረው። ዶናልድ ሌስሊ የሚሽከረከረውን ሳጥን የሠራው ከኩባንያው ውጪ ሆኖ ነው፤ ሐሞንድም አልወደደለትም። ስለዚህ ሌስሊ ኦርጋኑ ላይ የሚገጠመው በተጨማሪ ኪት ነበር፤ ኪቱንም ሻጩ ወይም ቴክኒሻኑ ነበር የሚገጥመው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ስንት እጅ እንደነካው ማን ያውቃል። በመሆኑም ከኦርጋኑ ስም ይልቅ ከሥሩ የተገጠመችው የኪቱ የግንኙነት ሳጥን ዋጋ አላት።

መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ

የሌስሊውን የኋላ ክዳን ክፈቱና ሞዴል ቁጥሩን፣ ቮልቴጁንና ሄርዙን ጻፉ። ከዚያ ኦርጋኑ ሥር ገብታችሁ በእጅ ባትሪ የግንኙነት ሳጥኗን ፈልጉ፤ ለየትኛው ሌስሊ እንደሆነች የሚናገር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ክዳኗ ላይ ወይም ክዳኗ ውስጥ አለ። ጽሑፉ ከጠፋ ሽቦውን መከተል ነው።

ፒኑ 9 ከሆነ (ለምሳሌ 760) ወይም 11 ከሆነ (ለምሳሌ 122ኤክስቢ እና 3300) ነገሩ ሌላ ነው። አዳዲሶቹ ሐሞንዶች ላይ ባለ 8 ፒንም አለ። ከ6 ወደ 11 የሚያሸጋግሩ ሳጥኖች ይሸጣሉ፤ ውስጣቸው ግን ሰርኪዩት ያለባቸው ናቸው። በአንድ ጫፍ 6፣ በሌላው 11 ፒን ያለው፣ ውስጡ ሽቦ ብቻ የሆነ ኬብል የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ አትግዙት።

ሳጥኑን በቴስተር መለየት

ኦርጋኑ ከሶኬት ይነቀል። ሳጥኑም ከኦርጋኑ ይነቀል። ሲሠራ የቆየ ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በዋናው ካፓሲተር ላይ ዲሲ ለኩ፤ ከ10 ቮልት በታች ሳይሆን እጃችሁን አታስገቡ።

ፕላጉ ላይ ያሉትን የፒን ቁጥሮች በአጉሊ መነጽር አንብቡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ወንዱን ፕላግ ከፊት ስታዩት ቁጥሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ፣ ሴቷን ከፊት ስታዩ ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ከሶልደር ወገን ስታዩት ደግሞ እንደገና ይገለበጣል። በግምት አትቁጠሩ። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ እመኑ፤ ወረቀት ላይ ስትስሉም ከየትኛው ወገን እንዳያችሁት ጻፉበት።

አሁን ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ ቻሲው (የአምፕሊፋየሩ ብረት አካል) ላይ ያዙ። ዜሮ የሚያሳየው ፒን ግራውንድ ነው። ቀጥሎ በዓይን እየተከተላችሁ በፊውዝ አልፎ ወደ ፓወር ትራንስፎርመሩ የሚገባውን ጥንድ ፈልጉ፤ ያ ኤሲ ነው። የቀሩት ላይ ልዩነቱ ይገለጣል። ሁለት ፒኖች ከቻሲው ጋር እኩል ወይም በጣም የተቀራረበ ኦም ካሳዩና ሁለቱም ወደ ድምፅ መግቢያው ከሄዱ፣ ሳጥኑ የ122 ወገን ነው። አንድ ብቻ ወደ ድምፅ መግቢያው ሄዶ ሌላው በቀጥታ ወደ ሪሌይ ኮይል ከገባ የ147 ወገን ነው። ይህን ከሞዴል ቁጥሩ ጋር አስተያዩ። ካልተስማሙ የምታምኑት ሽቦውን ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ሳጥን ተወስዶ የገባበት ሌስሊ ብርቅ አይደለም።

የኦርጋኑ ወገን

እዚህ ኮሬንቲ ያለበት ሥራ ስለሆነ ብቻችሁን አትሥሩ። ሳጥኑ ሳይሰካ ኦርጋኑን አብሩና በሶኬቱ ቀዳዳዎች መካከል ኤሲ ለኩ፤ ቴስተሩ ቢያንስ 600 ቮልት የሚችል ይሁን፤ አንዱ እጃችሁ ከኋላችሁ ይሁን። ከዚያ ሌላ ሰው የፍጥነት ማብሪያውን ከኮራል (ከቀርፋፋው) ወደ ትሬሞሎ (ወደ ፈጣኑ) ይመላልስ። በአንድ ፒን ላይ ኤሲ መጥቶ ከጠፋ ኦርጋኑ ለ147 የተሠራ ነው። ምንም ኤሲ ካልተለዋወጠ ግን «እንግዲያው 122 ነው» ብላችሁ አትዝለሉ፤ ማብሪያው ራሱ ተበላሽቶ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። የግንኙነት ሳጥኗን አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ ክፈቱና ማረጋገጫውን ከሽቦው አግኙ።

ኮሬንቲ የሚልከው ወገን ምንጊዜም ሴት ሶኬት መሆን አለበት። ኦርጋኑ ላይ ሴት፣ ኬብሉ በኦርጋን ጫፍ ወንድ፣ በሳጥን ጫፍ ሴት፣ ሳጥኑ ላይ ወንድ። ይህ የተገለበጠበት ኬብል ካገኛችሁ አንድ ሰው በራሱ መንገድ ሠርቶታል፤ ወለል ላይ የወደቀው ጫፍ ላይ 117 ወይም 220 ቮልት ያለባቸው ፒኖች ተራቁተው ይተኛሉ ማለት ነው። ሳታመነቱ ቁረጡት።

ኬብሉን መፈተሽና መሥራት

ያገኛችሁት ኬብል ደህና መሆኑን ለማወቅ ሁለቱም ጫፎች ተነቅለው እያንዳንዱ ፒን ከራሱ ቁጥር ጋር ከ1 ኦም በታች ማሳየት አለበት። ከዚያ እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ለኩ፤ በ6 ፒን 15 ጥንድ ነው፤ አንዱም መጮህ የለበትም። ቴስተሩ እየጮኸ ኬብሉን በፕላጉ አንገት ላይ ወዲያና ወዲህ እጠፉት። የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ልባሱ ጎማ ከሆነና ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ፣ ሽቦው ደህና ቢለካም አይጠቅምም፤ በአዳማ ሙቀት ስንጥቁ ይሰፋል።

አዲስ ለመሥራት፦ ለኤሲው ጥንድ 1 ሚ.ሜ ካሬ፣ ለከፍተኛው ዲሲና ለትእዛዙ 0.75 ሚ.ሜ ካሬ፣ ሁሉም 600 ቮልት የሚችል ልባስ ያለው ሽቦ። ለሲግናሉ ሺልድ (በዙሪያው የተጠቀለለ መከላከያ መረብ) ያለው ጥንድ ሽቦ። የኔትወርክ ወይም የስልክ ኬብል አይሆንም፤ ልባሱም ለዚህ ቮልቴጅ አልተሠራም፣ ሽቦውም ቀጭን ነው። የኤሲውን ሁለት ሽቦ እርስ በርስ ጠምዝዙት፤ ከድምፁ ጋር በአንድ ከረጢት ሲሄድ የሚያጉረመርመውን ይቀንሳል። ርዝመቱ እስከ 9 ወይም 10 ሜትር ቢሆን ችግር የለውም።

ሺልዱን በተመለከተ፣ በ122 ወገን ሲግናሉ ሁለት ሽቦ ስላለው ሺልዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ ላይ ይታሰር። በ147 ወገን ሺልዱ የሲግናሉ መመለሻ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ካልታሰረ ድምፅ አይኖርም።

ፒኖቹ ወፍራም ስለሆኑ 30 ዋት የሶልደር ብረት ሙቀቱ አይበቃቸውም፤ ሊዱ ከላይ ተለጥፎ ውስጡ ሳይያዝ ይቀራል። 60 ዋት ተጠቀሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ፕላጉን አቻው ውስጥ ሰክታችሁ ሶልደር አድርጉ፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ፒኖቹ ቀጥ ብለው ይቆያሉ። በእያንዳንዱ ፒን ላይ ሽሪንክ (በሙቀት የሚጠብ ፕላስቲክ ቱቦ) አልብሱ፤ ናስትሮ በሙቀት ማጣበቂያው ይቀልጥና ይፈታል። የግራውንዱን ሽቦ ከሌሎቹ በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሙት፤ ኬብሉ ተጎትቶ ቢበጠስ የመጨረሻው እሱ ይሁን።

ዋናውን ፕላግ ከውጭ ማስመጣት ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ብሎ በማይክሮፎን ኤክስኤልአር መተካት አይገባም፤ ከወራት በኋላ ነገሩን የማያውቅ የሳውንድ ልጅ ከሚክሰር ጋር ይሰካዋል።

220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ

ከአሜሪካ የመጣ ሐሞንድና ሌስሊ 117 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል። ቮልቴጁን ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈታዋል፤ ለሁለቱም በአንድነት 1000 ቪኤ በቂ ነው፤ በ220 ወገን ባለ 5 አምፔር፣ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ፊውዝ ይግባበት። ላዩ ላይ 1000 ተጽፎበት ሲነኩት የሚቀል ትራንስፎርመር አለ፤ በሥራ ላይ እያለ ቮልቴጁን ለኩ፤ ከ105 በታች ከወረደ መልሱት። ስታብላይዘር ካለ ከትራንስፎርመሩ በፊት ይምጣ።

ሄርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። ድምፁን በሚሽከረከሩ ዊሎች የሚፈጥረው ሐሞንድ (ቢ-3፣ ሲ-3፣ ኤም-3፣ ኤል-100) የሚዞረው በመብራቱ ሄርዝ ልክ ስለሆነ፣ የ60 ሄርዙ ኦርጋን በ50 ሲሠራ ድምፁ ከ3 ግማሽ ድምፅ ትንሽ በላይ ይወርዳል። ሲ ስትጫኑ ከኤ በጥቂቱ የወረደ ነገር ይወጣል። «ትራንስፖዝ አድርጌ እጫወታለሁ» የሚል ፒያኒስት አያዋጣውም፤ የቀረችው ቅንጣት ከሳክስፎኑ ጋር ታጣላዋለች። መፍትሔው ለ50 ሄርዝ የተሠራ ቶን ጀነሬተር (ድምፅ የሚፈጥረው የዊሎቹ ክፍል) ያለው ኦርጋን ማግኘት ነው፤ ወይም ከባትሪ 120 ቮልት 60 ሄርዝ የሚሰጥ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር፤ እሱ ቮልቴጁንም ሄርዙንም ባንዴ ይፈታል፣ መብራት ሲሄድም አይቆምም። ርካሹ ኢንቨርተር ሳይን ዌቭ ስላልሆነ ሞተሩን ያሞቃል፣ ድምፁንም ያስነጥሰዋል።

ተራ የናፍጣ ጀነሬተርም ልብ ይባል፦ ሄርዙ በ1 ሲንቀሳቀስ (ከ50 ወደ 51) ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይሸሻል። ትልቅ ፍሪጅ በተነሳ ቁጥር ኦርጋኑ ሲዋዥቅ ትሰማላችሁ። ፋርፊሳ፣ ቮክስና ያማሃ ኦርጋኖች ድምፃቸው በትራንዚስተር ስለሚፈጠር ይህ አይነካቸውም።

ሌስሊው ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። አንዳንድ ሰው የአምፕሊፋየሩን ትራንስፎርመር ብቻ ወደ 220 ይቀይርና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አራቱ ሞተሮች (ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፤ ቀርፋፋና ፈጣን) አሁንም የ117 ናቸው፤ በ220 ወዲያው ይቃጠላሉ። ወይ ሁሉም ይቀየር፣ ወይ ምንም አይነካና በትራንስፎርመር ይሥራ። በ50 ሄርዝ ሞተሮቹ ይዘገያሉ፤ የላይኛው ቀንድ (የሚዞረው የድምፅ ቱቦ) በፈጣኑ ወደ 400 ዙር በደቂቃ መሆን አለበት፤ ከወረደ ቺንጊያውን በሞተሩ ፑሊ ላይ ወደ ትልቁ እርከን አሸጋግሩት።

ኦርጋኑ ሌላ ከሆነ

ትልልቆቹ ሐሞንዶች (ቢ-3 እና ሲ-3) ፕሪአምፓቸው ባላንስድ መውጫ ስላለው ከ122 ጋር በቀላሉ ይግባባሉ። ትንንሾቹ (ኤም-3፣ ኤል-100) የራሳቸው ፓወር አምፕና ስፒከር አላቸው፤ ሲግናሉ የሚወሰደው ከስፒከሩ ሽቦ ላይ በሬዚስተር ተቀንሶ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከ147 ወገን ጋር ነው የሚገጠሙት። የውስጡን ስፒከር ዝም ለማሰኘት ሽቦውን ነቅሎ መተው ግን አይቻልም። የቲዩብ አምፕ ያለ ጭነት ሲሠራ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይጎዳል፤ በቦታው ተመጣጣኝ ኦምና ዋት ያለው ሬዚስተር መግባት አለበት።

ፋርፊሳ ወይም ያማሃ በ6.35 ጃክ የሚሰጠው ደካማ ሲግናል ብቻ ነው፤ ኤሲም፣ የፍጥነት ትእዛዝም የለውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምቦ ፕሪአምፕ ነው፤ የራሱ የመብራት ገመድና የእግር ማብሪያ ያለው፣ ከሌስሊው ጋር በ6 ፒን የሚገናኝ። እሱም ለየትኛው ቁጥር እንደተሠራ ይታይ፤ ያው ወጥመድ እዚህም አለ። ፌንደር ቫይብራቶን ደግሞ የራሱ አምፕ የሌለው ሳጥን ነው፤ ከጊታር አምፕ በስፒከር ሽቦ ይነዳል፤ ሺልድ ያለው የጊታር ኬብል ለዚህ አይሆንም።

ተሰክቶ የሚመጣ ችግር

122 ላይ ፍጥነት በቀየራችሁ ቁጥር ስፒከሩ «ድው» ካለና ድምፁም ቀጭን ከሆነ፣ ከሁለቱ የሲግናል ሽቦዎች አንዱ ተቆርጧል። ዲሲው በሁለቱ ላይ እኩል ሲሆን ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲቀር ግን በድምፁ መንገድ ያልፋል። ኬብሉን ፈትሹ እንጂ አምፑን አትፍቱ።

122 ላይ ድምፁ ደህና ሆኖ ፍጥነቱ አልቀየር ካለ፣ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ሲበርድ ሁለቱን 12ኤዩ7 ቲዩቦች (የድምፁንና የፍጥነቱን) ቦታ አለዋውጡ። ችግሩ ወደ ድምፁ ከተዛወረ ቲዩቡ ነው። ካልተዛወረ ሪሌዩ ወይም ማብሪያው ነው።

የማያቋርጥ ጉርምርምታ ካለ በመጀመሪያ ሺልዱን፣ ቀጥሎ ኦርጋኑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት እየበሉ መሆኑን እዩ። ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት አብሏቸው። ኧርዙን መቁረጥ ጉርምርምታውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ግን ከማይክሮፎኑ ከንፈሩን ያላነሳ ዘማሪ እጁን የኦርጋኑ ብረት ላይ ሲያሳርፍ የሚያገኘው ኮሬንቲ አይቀልድም።

ድምፁ አልፎ አልፎ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይ በበጋ ነፋስ፣ አቧራ ነው። ሁሉንም ነቅላችሁ ፒኖቹን በኮንታክት ክሊነርና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ፤ የብርጭቆ ወረቀት የፒኑን ልባጥ ያነሳና ከዚያ በኋላ በቶሎ ያዝጋል። የሴቷ ቀዳዳዎች ከላሉ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ አጥብቧቸው፤ አንዱን ፒን ብቻ ስታስገቡ መያዝ አለበት። ሳጥኑ ሥራ ሲፈታ ሶኬቱ ላይ ክዳን ወይም የታጠፈ ፕላስቲክ ይታሰርበት። ቺንጊያዎቹንም በዚያው ዳብሱ፤ አቧራ የጠጡት ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ቀንዱ ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ለመድረስ ከተለመደው በላይ ይቆያል፤ ጥፋቱም በኬብሉ ላይ ይላከካል።